የነጻ ነገር አደራው

“ነጻ” የሚለው ቃላችን ሁለት ቤት አለው። በአንደኛው ቤት እስራቱ የተፈታለት፣ ጌታ የሌለበት ሰው ይኖራል፤ በሁለተኛው ቤት ዋጋ ያልተከፈለበት ዕቃ ተቀምጧል። “ነጻ ወጣ” ስንል ስለ ሰው ክብር እንናገራለን፤ “በነጻ አገኘሁት” ስንል ስለ ኪሳችን። በሁለቱ መካከል ያለችው አጥር አንዲት “በ” ብቻ ናት። እሷንም ቢሆን “ነጻ ትምህርት”፣ “ነጻ ሕክምና” እያልን ብዙ ጊዜ እንዘልላታለን።

እንግሊዝኛ ይህችን ታህል አጥር እንኳ የለውም። “ፍሪ” የሚለው ቃላቸው አርነትንም፣ ያለ ክፍያ መሆንንም በአንድ መልክ ይሸከማል። ከዚህች የቃል ድህነት የተነሣ በኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ 40 ዓመት ገደማ የዘለቀ ክርክር አለ። ክርክሩ ስለ ሶፍትዌር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ባነበብሁ ቁጥር ስለ ቃል፣ ስለ ስጦታና ስለ አደራ ሆኖ አገኘዋለሁ። ግጥምና ወግ በምንጨዋወትበት ቦታ ላነሣው የደፈርሁትም ስለዚህ ነው።

አስቀድሜ ነገሩን በቀላሉ ላስረዳ። ማንኛውም ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሰው የጻፈው ነው፤ መስመር በመስመር የተደረደረ፣ የሚያውቀው ሰው ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያስፋፋው የሚችል ጽሑፍ። ይህን “ሶርስ” ወይም “ምንጭ” ይሉታል። ሁለተኛው ማሽኑ እንዲሠራበት የተቀየረው መልክ ነው፤ ለሰው ዓይን ትርጉም የማይሰጥ የቁጥር ክምር። ገዝተን የምንጭነው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ብቻ ነው። በቅኔ ቤት አነጋገር፣ ሰሙን ሰጥተው ወርቁን አስቀሩት ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ እናያለን፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን አናውቅም፤ ቢበላሽ አንጠግነውም፤ ቢጎድለው አንሞላውም።

ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ ማተሚያ ይጀምራሉ። (“ዓ.ም.” ካላልሁ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1980 ገደማ፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ፣ ከዜሮክስ የተሰጠ አዲስ የሌዘር ማተሚያ ነበር። ማተሚያው ወረቀት እየታሰረበት ያስቸግር ነበር። በላቦራቶሪው ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ለቀድሞው ማተሚያ መላ አበጅቶለት ነበር፤ ወረቀት ሲታሰር፣ ኅትመት ለሚጠብቁት ሁሉ መልእክት እንዲደርሳቸው ፕሮግራሙን አሻሽሎት ነበር። አዲሱ ግን የመጣው ያለ ምንጩ ነው። ምንጩ በእጁ እንዳለ የሰማውን የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሄዶ ቢጠይቀው፣ ለማንም ላለመስጠት ውል መፈረሙን ነግሮ በባዶ እጁ መለሰው።

ለብዙ ሰው ይህ ተራ እምቢታ ነው። ስቶልማንን ያስቆጣው ግን እምቢታው ብቻ አልነበረም። ያ ተመራማሪ ፊርማውን ባኖረ ጊዜ፣ ገና ያላያቸውን ሰዎች ሁሉ “አልረዳችሁም” ብሎ አስቀድሞ ቃል ገብቶ ነበር። ስቶልማን ሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 “ግኑ” የተባለውን ሥራ አወጀ፤ ማንም ሊሠራበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያካፍለውና አሻሽሎ ሊያከፋፍለው የሚችል ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት ለመገንባት። በ1985 የነጻ ሶፍትዌር ድርጅትን መሠረተ። “ነጻ” ሲል እንደ ነጻ ንግግር እንጂ እንደ ነጻ ቢራ እንዳይታይ እስከ ዛሬ ሲያስረዳ ይኖራል። ነጻ ሶፍትዌር በገንዘብ ሊሸጥ ይችላልና። ነጻነቱ የተቀባዩ ነው እንጂ የዋጋው አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር እኔን ከሁሉ ይበልጥ ይማርከኛል። ሥራህን ለሁሉ ብትሰጥ፣ ነገ አንዱ ወስዶ፣ ጥቂት ነገር ጨምሮ፣ በር ዘግቶ “የእኔ ነው” ቢልስ? ስቶልማን ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው “ጂፒኤል” የተባለው የፈቃድ ጽሑፍ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የተሰጠህን እንደ ልብህ ተጠቀምበት፣ ለውጠው፣ ሽጠው፤ ለሌላ ሰው ስታስተላልፈው ግን ምንጩን አትደብቅ፤ አንተ ያገኘኸውን መብት እሱም ያግኝ። “ኮፒራይት” የሚለውን ቃል ገልብጠው ይህን “ኮፒሌፍት” አሉት። በቋንቋቸው “ራይት” መብትም ቀኝም ነውና ቀኙን ግራ አደረጉበት። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ብልሃት አለው። አንድ ሰው ሌላውን ለመከልከል የሚገለገልበትን የሕግ ሥልጣን ያው ባለቤቱ ራሱ መከልከልን ለመከልከል አዋለው።

እኛ ለዚህ ነገር ቃል አናጣም፤ “አደራ” እንለዋለን። አደራ የተሰጠ ሰው በእጁ ያለውን ነገር ሊጠቀምበት ይችል ይሆናል፤ አሳልፎ የሚሰጥበት ቀን ሲመጣ ግን አጉድሎ ሊሰጥ አይችልም። “አደራ በላ” ከስድብ ሁሉ የሚከብደው ስለዚህ ይመስለኛል። ሌባ የሰው ገንዘብ ይወስዳል፤ አደራ በላ ግን ሰው በሰው ላይ የሚኖረውን እምነት ይወስዳል።

የብራና መጻሕፍቶቻችንን ያገላበጠ ሰው በመጨረሻው ወይም በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ያለውን ማሳሰቢያ ሳያይ አይቀርም። ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ ከተናገረ በኋላ፣ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ያዛል። ብዙ ጊዜ የሚታዩት ሁለት ግሦች ናቸው፤ መስረቅና መፋቅ። የቀዳው ይወገዝ አይልም። እንዴት ይላል! ቁም ጸሐፊው ራሱ የቀዳው ከሌላው ነው፤ መቅዳት የደከመበት የጽድቅ ሥራ ነው። የተከለከለው መጽሐፉን ከማኅበሩ እጅ ማውጣትና የሰጪውን ስም ፍቆ የራስን ስም መጻፍ ነው። የዛሬውን የሶፍትዌር ፈቃድ ባነበብሁ ጊዜ ያች የብራና ቅጠል ትታወሰኛለች። ቅዳ፤ ነገር ግን ስሙን አትፋቅ፣ በሩን አትዝጋ።

ልዩነቱ፣ የዛሬው ውግዘት በፍርድ ቤት መሆኑ ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከመጣጥፍ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። በሕግ ዓይን ፕሮግራም ጻፈ ማለት ድርሰት ደረሰ ማለት ነው። መብቱም ሥራው እንደተፈጠረ ወዲያው ይጸናል፤ ማመልከቻና ማኅተም አይጠብቅም። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ከዚህ ይከተላል፤ ዝም ያለ ሥራ ዝግ ሥራ ነው። አንድ ወጣት የጻፈውን ኮድ ማንም እንዲያየው በአደባባይ ቢያስቀምጠውና ስለ ፈቃድ አንዲት ቃል ባይጽፍ፣ ማየት ይቻላል፤ በሕግ ግን ወስዶ መሥራት አይቻልም። የሚታይ ሁሉ ክፍት አይደለም። በመስኮት የሚታይ እንጀራ ለራበው አይሆነውም።

ስለዚህ ክፍት ምንጭ ማለት ሕግ የሌለበት ሜዳ ማለት አይደለም፤ የተጻፈ ፈቃድ ያለበት ቤት ማለት ነው። ፈቃዶቹም ዓይነት ዓይነት ናቸው። እንደ ጂፒኤል ያሉት “እንዳገኘኸው አስተላልፍ” ይላሉ። እነ “ኤምአይቲ” እና “ቢኤስዲ” ደግሞ ከዚያ ይቀላሉ፤ በጥቂት መስመር “ስሜን አትፋቅ፣ ለሚደርስብህ ጉዳት አትጠይቀኝ፣ ከዚያ ያሻህን አድርግ” ብለው ይሰናበታሉ። ከነዚህ በተቃራኒ የቆመውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሳናነበው “እስማማለሁ” የምንለው ነው። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ውል ማንበብ የሙያ ልማዱ ነውና፣ እኔ አንዳንዴ አነበዋለሁ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ ይህ ነገር አልተሸጠልህም፤ እንድትገለገልበት ተፈቀደልህ። በአንድ ማሽን ላይ ብቻ። አትመርምረው፣ አትለውጠው፣ ለጓደኛህ አታውሰው። ከመጽሐፍ ጋር ሲተያይ ነገሩ ይገርማል። የገዛሁትን መጽሐፍ በኅዳጉ ላይ እጽፍበታለሁ፣ አውሰዋለሁ፣ ስሞት ለልጄ ይተርፋል።

ይህ ሁሉ ሩቅ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔን ከነገሩ ጋር ያስተሳሰረኝ የአጎቴ ግጥም ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ደብረ ብርሃን የአማርኛ መምህር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በእጁ ሲጽፍ የኖራቸውን ግጥሞች በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ማታ ማታ፣ በአንድ ወዳጁ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ተየባቸው፤ ሲጨርስም የእጅ ጽሑፉን አስወገደ። ተየብሁት ማለት ከእሳትና ከብል አዳንሁት ማለት መስሎት ነበር። ካረፈ በኋላ ልጁ አንድ ሲዲ ይዛ መጣች። በውስጡ 117 ፋይሎች አሉ። ከፈትናቸው። የወጣው አማርኛ አልነበረም፤ የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ የዶላር ምልክት፣ ያልተለመደ ቅጥልጥል። የአባቷ ድምፅ እንደ ባቢሎን ግንብ ሠራተኞች ቋንቋ ተደበላልቆ ነበር።

ምክንያቱ ተራ ነው። የዚያ ዘመን የፊደል ፋይል 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የእኛ ፊደል ከነዝርያው ከ300 በላይ ነው። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደላቱን በላቲን ወንበሮች ላይ እርሱ በመሰለው ቅደም ተከተል አስቀመጣቸው፤ በአንዱ “ሀ” የሆነው ወንበር በሌላው “መ” ሆነ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው፤ ልማዱ ግን ከዚያም በኋላ ዓመታት ቆይቷል። አጎቴ የተጠቀመበት ፕሮግራም በውስጡ ፊደላቱ በየትኛው ወንበር እንደተቀመጡ የሚናገር አልነበረም። ፕሮግራሙን ራሱን ለመጫን ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ የሚገኘው በስልክ ነው፤ ስልኩን የሚያነሣ የለም፤ ሠሪዎቹ ከገበያ ከወጡ ቆይተዋል። ፈቃዱ ግን አሁንም ፕሮግራሙን ፈትቶ መመርመርን ይከለክላል።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። አዋጁ የድርሰት መብት ደራሲው ካለፈ በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ እንዲቆይ ደንግጓል። ግጥሞቹ የልጁ ናቸው። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የአባቷን ግጥም የሚያነብላት ቁልፍ በሌላ እጅ ነበር፤ ያ እጅ ደግሞ ቁልፉን እንደያዘ ጠፍቷል። ሕግ አወረሳት፤ ፈቃድ ከለከላት።

ያዳነን የማናውቀው ሰው ነው። የድሮ የአማርኛ ጽሑፎችን ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ፣ ከነምንጩና ከነፈቃዱ ለሕዝብ አስቀምጦት ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉን፤ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር የተሟላ ቦታ እንዲያገኝ ዓመታት የደከመውና የሠራቸውን መሣሪያዎች ለሕዝብ ያበረከተው ዳንኤል ያዕቆብ በዚህ ይታወቃል። እኛ ያገኘነው መለወጫ የአጎቴን ፊደል አብዛኛውን አወቀው። ከመቶ አሥራ ሰባቱ ግጥሞች የመጀመሪያው በስክሪኑ ላይ ሲነበብ ልጁ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ሁሉን ግን አላወቀም። “ኋ”ን፣ “ቷ”ን፣ “ሟ”ንና የመሳሰሉትን ዲቃላ ፊደላት አልለየም፤ በቦታቸው ባዶ ሳጥን ያስቀምጣል። “ኋላ” የሚለው ቃል በአጎቴ ግጥሞች ውስጥ የሚመላለስ ቃል ነበርና፣ ስንኞቹ በየቦታው ልባቸው የወለቀ ሆኑ። የመሥሪያ ቤቴ የኮምፒውተር ክፍል ባልደረባ ምንጩን ከፈተና ሠንጠረዡን አነበበው። አጎቴ በሕይወት ሳለ ለእናቴ የላከላቸው በወረቀት የታተሙ ሦስት ግጥሞች ነበሩን፤ ወረቀቱን ከፋይሉ ጋር ፊደል በፊደል እያስተያየን የጎደሉትን ወንበሮች አገኘናቸው። ባልደረባዬ የጨመረው ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው። ከዘጠኝ መስመር በኋላ “ኋላ” ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚያም ማንም ሳያስገድደው ዘጠኙን መስመር ለመጀመሪያው ጸሐፊ ላከለት፤ ነገ ሌላ ልጅ የሌላ አባት ሲዲ ይዛ ብትመጣ ያ ባዶ ሳጥን እንዳይጠብቃት።

ማንበብ፣ መለወጥ፣ ለውጡን ለሌላው ማካፈል። ስቶልማን በጽሑፍ የዘረዘራቸው ነጻነቶች በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በእጃችን አለፉ። ፈቃዱ “እያችሁ ተጠቀሙ፣ አትንኩ” ቢል ኖሮ ምንጩን ማየታችን ብቻ ምን ይጠቅመን ነበር?

ቀጥሎ መጽሐፉን ማሳተም አሰብን። ልጁ 300 ቅጂ አሳትማ፣ ሸጣ፣ የማተሚያውን ዕዳ ልትከፍል። ለዐይን የሚያምር አንድ የፊደል መልክ አገኘን፤ “በነጻ” ይላል። ዝቅ ብለን ስናነብ “ለግል ጥቅም ብቻ” ይላል። መጽሐፍ መሸጥ የግል ጥቅም አይደለም። ከላይ ያነሣኋት ያች “በ” ሥራዋን የሠራችው እዚህ ላይ ነው፤ ፊደሉ በነጻ ነበር፣ ነጻ ግን አልነበረም። በመጨረሻ የመረጥነው “አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል” የተባለውን፣ የብራና ጽሕፈታችንን መልክ የተከተለውን ፊደል ነው። ፈቃዱ “ኦፕን ፎንት ላይሰንስ” ይባላል፤ ዛሬ የሚሠራበት ቅጂ በ2007 የወጣ ነው። እንድትጠቀምበት፣ እንድትመረምረው፣ እንድትለውጠው፣ እንድታከፋፍለው ይፈቅዳል። ገደቡ ጥቂት ነው፤ ፊደሉን ለብቻው አትሽጠው፤ ከለወጥኸው በዚያው ፈቃድ አስተላልፈው፤ ሠሪዎቹ ለራሳቸው የያዙት ስም ካለ በለወጥኸው ላይ አትጻፍበት። በፊደሉ የተጻፈው ጽሑፍ ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ መሆኑን ለይቶ ይናገራል። ግጥሙ የገጣሚው ሆኖ ይቀራል። ይህን ሲያነብ ያልተደሰተ ገጣሚ ይኖራል ብዬ አላምንም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። መልካም ገደብ የለምን? ዳግላስ ክሮክፎርድ የተባለው ፕሮግራመር በ2002 ለሥራው ባወጣው ፈቃድ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ለመልካም እንጂ ለክፉ እንዳይውል የምታዝ። ማን ይቃወማል? የተቃወሙት ግን የነጻ ሶፍትዌር ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ፈቃዱ ነጻ አይደለም አሉ። ክፋትን ወደው አይደለም። መልካሙንና ክፉውን የሚለየው ዳኛ ማን እንደሆነ ፈቃዱ አይናገርምና ነው። ትናንት መልካም የተባለው ዛሬ ክፉ፣ ዛሬ የተወገዘው ነገ ቅዱስ ሲባል ላየን ለእኛ ይህ ስጋት እንግዳ አይደለም። መለወጫውን የጻፈልን ሰው “በእኔ እምነት ክፉ ለሆነ ግጥም አይውልም” ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ የአጎቴን ግጥም ሳያነብ ማን ይፈርድለት ነበር?

“ክፍት ምንጭ” የሚለውን ስም ክሪስቲን ፒተርሰን ያቀረበችው በፌብሩዋሪ 1998 ነው፤ “ፍሪ” ከሚለው ቃል ብዥታ ለመሸሽ። በዚያው ወር ኤሪክ ሬይመንድና ብሩስ ፐረንስ የክፍት ምንጭ ኢኒሺየቲቭን መሠረቱ፤ ስሙም አሥር መስፈርቶች ያሉት ፍቺ ተበጀለት። ከአሥሩ አምስተኛው በሰዎችና በቡድኖች መካከል አድልዎን ይከለክላል፤ ስድስተኛው በሥራ መስክ ማበላለጥን። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ተመራማሪው፣ መነኩሴው በአንድ በር ይገባሉ። አንድ ሰው የሚከለከልበት በር ካለ፣ ከፈቃዱ በላይ ደጅ ጠባቂ አለ ማለት ነው።

ሆኖም ይህ አዲስ ስም የራሱን ብዥታ ይዞ መጣ። “ክፍት” የሚለውን ቃል ሁሉም ይወድደዋል፤ ክፍትነቱን ግን ሁሉም አይወድድም። ሜታ በጁላይ 2023 “ላማ 2” የተባለውን የቋንቋ ሞዴል ክፍት ምንጭ ብሎ አወጣው። ፈቃዱ ግን በወር ከ700 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸው ኩባንያዎች ለይተው እንዲያስፈቅዱ ይጠይቅ ነበር፤ የሞዴሉን ውጤት ሌላ የቋንቋ ሞዴል ለማሻሻል መጠቀምንም ይከለክል ነበር። ስጦታ አልነበረም አልልም፤ ብዙዎች ተጠቅመውበታል። ነገር ግን ደጅ ጠባቂ የቆመበትን በር “ክፍት” ማለት ቃሉን መፋቅ ነው።

ከፍተው የዘጉም አሉ። ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ “ቴራፎርም” የተሰኘ ሥራውን ለዓመታት በክፍት ምንጭ ሲያከፋፍል ኖሮ፣ በኦገስት 2023 ቀጣይ እትሞቹ ተፎካካሪዎችን በሚገድብ ፈቃድ እንደሚወጡ አስታወቀ። የቀደመው እትም ግን በቀደመው ፈቃድ ተሰጥቷል፤ የተሰጠ አይመለስም። ቅር የተሰኙት ያንኑ እትም ይዘው በሌላ ስም ቀጠሉ፤ “ኦፕን ቶፉ” ተባለ፤ በዚያው ዓመት በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ሆነ። በደንብ የተጻፈ ፈቃድ ሰጪው ሐሳቡን በለወጠም ጊዜ ይጸናል። ስጦታን ከችሮታ የሚለየው ይህ ነው። ችሮታ በሰጪው ፊት መልክ ይወሰናል፤ ስጦታ ከእጁ ከወጣ በኋላ ግን የተቀባዩ ነው።

ለሻጩም መናገር ይገባኛል። የእኛን ፊደል መጀመሪያ በኮምፒውተር ላይ ያስቀመጡት ሰዎች በገዛ ገንዘባቸውና በሌሊት እንቅልፋቸው ነው ያስቀመጡት። ድካማቸው በየኪዮስኩ በነጻ ሲገለበጥ ቁልፍ ቢያበጁ አይፈረድባቸውም። ክፍት ሥራም ቢሆን እንጀራ ይፈልጋል። በዲሴምበር 2021 “ሎግ ፎር ጄ” በተባለ ክፍት ሥራ ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ የዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች የሚደገፉበትን ያን ነገር የሚንከባከቡት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች እንደሆኑ ብዙ ሰው ያኔ ሰማ። “በነጻ” ብሎ የወሰደ ሁሉ ስለ አደራው አያስብም። ስለዚህ ቅሬታዬ በመሸጡ ላይ አይደለም። ሻጩ ሲሞት ወይም ሲከስር ቁልፉ አብሮት እንዲቀበር በሚያደርገው ውል ላይ ነው።

ወዳጆቼ “አንተስ ግጥምህን እንዲህ ትሰጣለህ ወይ?” ይሉኛል። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። መልሴ፣ እንዲነበብና እንዲቀዳ አዎን፤ እንዲለወጥ ግን አይደለም። ፕሮግራም መሣሪያ ነው፤ መዶሻ እጀታው ቢለወጥ መዶሻ ነው። ግጥም ምስክርነት ነው፤ የምስክር ቃል ቢለወጥ ሐሰት ይሆናል። ስቶልማን ራሱ ሥራን የሚሠራን ነገርና የሰውን ሐሳብ የሚናገርን ነገር ለይቶ ያያል፤ ሁለተኛው ይለወጥ ብሎ አይሟገትም። በ2002 የወጡት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶችም ደራሲው መጠኑን እንዲመርጥ ያስችላሉ፤ ስሜን ጥራ፣ አትለውጥ፣ አትነግድበት፣ ወይም እንደ ልብህ። እኔ የምመርጠው የብራናውን ሥርዓት ነው። የፈለገ ይቅዳ፤ የፋቀ ግን ውግዘቱ ይድረሰው።

የአጎቴ መጽሐፍ ታትሟል። ከ300ው ቅጂ አብዛኛው ደብረ ብርሃን ውስጥ በቀድሞ ተማሪዎቹ እጅ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ልጁ ሦስት መስመር አስጽፋለች፤ የፊደሉን ስምና ፈቃድ፣ የመለወጫውን ስም፣ ግጥሞቹን ማንም ሰው የአባቷን ስም ሳይፍቅ መቅዳት እንደሚችል። ፋይሎቹንም በዩኒኮድ ለሦስት ቤተ መጻሕፍት ሰጥታለች፤ የሚከፍታቸው ሰው ማንንም ስልክ መደወል የለበትም።

እንግዲህ “ነጻ ነው” የሚል ነገር ሲቀርብላችሁ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁልኝ፤ ማን ይከለከላል? ቢጎድል ማን ሊሞላው ይችላል? ለሚቀጥለው ሰው ሳስተላልፍ ምን አደራ አለብኝ? ለሦስቱ መልስ የሌለው ነገር በነጻ ሊሆን ይችላል፤ ነጻ ግን አይደለም።

ቸር እንሰንብት።